ያልተበደለ ሀገር ይከሳልን?

 

የዛሬው ርዕሳችን አንድ አድማጫችን ከላኩልን ጥያቄ የተነሳ ነው። «ጋምቢያ ያለችው ምዕራብ አፍሪካ፣ ምያንማር ያለችው እስያ። አንዲት ትንሽ ሀገር በማያገባት ገብታ መክሰስ በሕግ ይፈቀድላታልን?» ይላሉ። ጥያቄው የዓለም አቀፍ ሕግ ምሁራንንም ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ነው። የክርክሩ ታሪክ ደግሞ ከእኛው ሀገር ጋር የተያያዘ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ ናሚቢያ የምንላትን ሀገር ከቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር በአደራ ተቀብላ ታስተዳድር ነበር፤ በአደራ በተሰጣት ሕዝብ ላይ ግን አፓርታይድን ጫነች። ሁለቱ ሀገሮች የዚያ ማኅበር አባላት ነበሩና አደራው ተበልቷል ብለው አቤት አሉ። ስድስት ዓመት ገደማ ተከራከሩ። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ሚዛኑን ደፋውና ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት አላሳዩም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ልብ በሉ! አፓርታይድ ትክክል ነው አልተባለም፤ በአጭሩ «እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ነው የተባሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ አፍሪካውያን በፍርድ ቤቱ ላይ እምነት ቢያጡ አንፈርድባቸውም።

በ1970 ይኸው ፍርድ ቤት ቤልጂየምና ስፔን በአንድ ኩባንያ ጉዳይ በተከራከሩበት ፍርድ ላይ ሌላ ነገር ተናገረ። መንግሥታት ለመላው የዓለም ማኅበረሰብ የሚጠየቁባቸው ግዴታዎች አሉ፤ ዘር ማጥፋት፣ ባርነትና የዘር መድልዎ ከእነዚህ ይገባሉ አለ። ፊቅህ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው ቃዲ ፊት የሚቀርበው፤ የአላህ ሐቅ በሆነው ላይ ግን እሱ ራሱ ያልተበደለ ሰውም በሒስባ መቆም ይችላል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ለመረዳት ግን ያግዛል።

ወደ ጋምቢያ እንመለስ። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋዎች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ባንግላዴሽ ለምን አልከሰሰችም? የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ስምምነት ስትቀበል፣ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ 9 ያለ እርሷ ፈቃድ እንዳይሠራ ገድባ ስለነበር ነው። ጋምቢያ እንዲህ ያለ ገደብ አላስቀመጠችም፤ በእስልምና ትብብር ድርጅት ድጋፍ በኅዳር 2019 ክሱን አቀረበች። ምያንማር ደግሞ «እውነተኛው ከሳሽ ድርጅቱ ነው፤ ጋምቢያ ምንም አልተነካችም» ብላ ተቃወመች። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2022 ተቃውሞውን ውድቅ አደረገ። ከስምምነቱ ተካፋዮች ማንኛውም ሀገር የጋራውን ጥቅም ይዞ መክሰስ ይችላል አለ።

ቻይናዊቷ ዳኛ ሹዌ አልተስማሙም፤ የጋራ ጥቅም መኖሩ ብቻውን የመክሰስ መብት አይሰጥም ብለዋል። እንዲህ ያለውን ስጋት አናቃልለውም። በሩ ሲሰፋ መንግሥታት ባላንጣቸውን እየመረጡ ሊከሱበት፣ የወዳጃቸውን ግፍ ግን አይተው እንዳላዩ ሊያልፉ ይችላሉ። ነገር ግን ዘር ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት በገዛ ሕዝቡ ላይ የሚፈጽመው ነው። መንግሥት ራሱን አይከስ! ሮሂንጋዎች ደግሞ ዜግነት እንኳ ተነፍገዋል። ያልተነካ ሀገር ካልቆመላቸው ማን ይቆምላቸዋል?

በታኅሣሥ 2023 በዚሁ ስምምነት መሠረት በጋዛ ጉዳይ እስራኤልን የከሰሰችው ደቡብ አፍሪካ ናት። መንግሥቷ ተለውጧል እንጂ በ1966 «ምን አገባችሁ» ብላ ያመለጠችው እርሷው ነበረች።

በእርግጥ ፍርድ ቤቱ ወታደር የለውም። በጥር 2020 ምያንማር ሮሂንጋዎችን እንድትጠብቅና በየስድስት ወሩ ሪፖርት እንድታቀርብ በሙሉ ድምፅ አዟል። የመጨረሻ ፍርዱን አልፈጽምም የሚል ሀገር ቢኖር ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ከአምስቱ ኃያላን የአንዱ እምቢታ ይበቃል።

ጠያቂያችን በመጨረሻ «ኢትዮጵያስ ዛሬ እንዲህ መክሰስ ትችላለች?» ብለዋል። ይህን ስምምነት በ1949 ከሁሉም ሀገሮች ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። አዎን፣ ትችላለች።