የታኖሊ ጎሳ፦ የዘር ሐረግ ለምን ይጠቅማል?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አንባቢያን! በሬዲዮ ዝግጅታችን የተለያዩ ሙስሊም ሕዝቦችን ስናስተዋውቅ፣ በፓኪስታን ስለሚኖረው የታኖሊ ጎሳ ያቀረብነውን ንግግር ለንባብ በሚመች መልኩ እነሆ ብለናል። ይህን ጎሳ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። «እናንተ ከማን ወገን ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከራሳቸው ከታኖሊዎች አንድ ሳይሆን ብዙ መልስ ይሰማል። ጥያቄው በየቤታችን፣ በተለይም ኒካህ በታሰበ ቁጥር የሚነሳ በመሆኑ ትምህርቱ ለሁላችንም ነው።

አገራቸውና ኑሯቸው

የታኖሊዎች አገር ታናወል ይባላል። በሰሜን ፓኪስታን፣ ከኢንደስ ወንዝ በስተምሥራቅ የሚገኝ ተራራማ ምድር ነው። አካባቢው በጥቅሉ ሃዛራ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም በአፍጋኒስታን ከሚኖረው የሃዛራ ሕዝብ ጋር መምታታት የለበትም። ዛሬ በብዛት የሚገኙት በኸይበር ፓኽቱንኽዋ ክፍለ ሀገር፣ በማንሴህራ፣ በአቦታባድና በሃሪፑር አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ሂንድኮ የተባለውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ፓሽቶ የሚናገሩም አሉ። በሃይማኖታቸው ሱኒ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ጎሳው ሂንድዋልና ፑላል በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይከፈላል።

ስለ መነሻቸው የሚነገረው

ስለ ጎሳው መነሻ በዋናነት ሦስት ትረካዎች አሉ።

አንደኛው፣ ታኖሊዎች ከቱርክ ወገን ከሆነው ከባርላስ ጎሳ የወረዱ ናቸው ይላል። ባርላስ ታዋቂው ድል አድራጊ ቲሙር የተገኘበት ጎሳ ነው።

ሁለተኛው ከጊልዛይ ፓሽቱኖች ጋር ያዛምዳቸዋል። ስማቸውንም በአፍጋኒስታን ታናል ከሚባል ስፍራ እንዳገኙት ይተርካል።

ሦስተኛው ደግሞ የሕንድ ክፍለ አህጉር ተወላጅ ከሆኑትና ኋላ ከሰለሙት የጃንጁዋ ራጅፑቶች ይቆጥራቸዋል።

ከዚህ ሌላ፣ አያቶቻቸው ከኢንደስ ማዶ በማሃባን ተራራ አካባቢ ይኖሩ እንደነበርና፣ የዩሱፍዛይ ፓሽቱኖች ሲገፏቸው ወንዙን ተሻግረው ታናወል እንደሰፈሩ ይነገራል።

ትረካዎቹ ለምን ተለያዩ? የሙጋል ነገሥታት ራሳቸው የቲሙር ዘሮች ስለነበሩ፣ በእነርሱ ዘመን «ባርላስ ነን» ማለት ከገዥዎች ጋር መዛመድ ነበር። ኃያል የፓሽቱን ጎሳዎች በጎረቤትነት ባሉበት አገር ፓሽቱን መባል ክብር ነበረው። እንግሊዞች ሃዛራን በ1849 ከያዙ በኋላ ደግሞ ሕዝቡን በጎሳ ለይተው መመዝገብ ጀመሩ። በቃል ይተላለፍ የነበረው ትረካ በመዝገብ ሰፈረ፤ የጎሳ ስምም በመንግሥት ዘንድ ዋጋ ኖረው።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። በ2010 ክፍለ ሀገሩ ኸይበር ፓኽቱንኽዋ ተብሎ ሲሰየም፣ ስሙ የፓሽቱኖች ብቻ ነው ያሉ የሃዛራ ነዋሪዎች ተቃውሞ አነሱ። በአቦታባድም የሰው ሕይወት ጠፋ።

አንድ ያደረጋቸው ታሪክ

የዘር ትረካው ቢለያይም፣ ታኖሊዎችን ያለ ጥርጥር የሚያስተሳስር የጋራ ታሪክ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሚር ፓይንዳ ኻን የተባለው መሪያቸው፣ ሃዛራን የተቆጣጠረውን የሲኮች መንግሥት ለረጅም ዓመታት ተዋጋ። የአምብ ግዛት የጸናው በዚህ ትግል ነው። ልጁ ጃሃንዳድ ኻንና ተከታዮቹ ግዛቱን በእንግሊዞች ዘመንም ይዘው ቆዩ። የመጨረሻው ገዥ ነዋብ ሙሐመድ ፋሪድ ኻን በታኅሣሥ 1947 ማለቂያ ላይ ግዛታቸውን ከፓኪስታን ጋር አዋሐዱ። በ1969 ደግሞ የአምብ ራስ ገዝ አስተዳደር አከተመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከባድ ነበር። በ1976 የተጠናቀቀው የታርቤላ ግድብ በኢንደስ ላይ ሲገነባ፣ የአምብ ከተማና በርካታ መንደሮች በውኃ ተዋጡ። በግድቡ ምክንያት ከተለያዩ ጎሳዎች 96,000 ያህል ሰዎች እንደተፈናቀሉ ይገመታል። የአያት መቃብርና እርሻ ከውኃ በታች ሲቀር፣ ብዙዎች እንደ ካራቺ ባሉ ከተሞች ተበተኑ። ያኔ ቱርክ፣ ፓሽቱን ወይም ራጅፑት መባል ቤት አልሠራላቸውም። የተበተነን ሰው የሚሰበስበው ዝምድናውን የሚያውቅና የሚጠይቅ ወገን ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ፣ ሰዎችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደፈጠረ፣ ጎሳና ነገድ ያደረጋቸውም እንዲተዋወቁ እንደሆነ፣ እርሱ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ የሚፈራው እንደሆነ አስተምሮናል። እንግዲህ ጎሳ መኖሩ ነውር የለበትም፤ የተሰጠበት ዓላማ ግን መተዋወቅ ነው።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነሰባችንን ሲለቱ ረሒም የምንቀጥልበትን ያህል እንድናውቅ መክረዋል። በዘር መኩራራትን ግን ከጃሂሊያ ርዝራዦች ቆጥረውታል። እያወቀ አባቱ ካልሆነ ሰው ጋር ራሱን የሚያስጠጋንም በብርቱ አስጠንቅቀዋል። ከአባቶቹ የሰማውን በቅንነት የሚናገር ሰው ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ሊጠነቀቅ የሚገባው ያልተረጋገጠን ነገር እውነት ነው ብሎ ከመማልና በእርሱ ሌላውን ከመናቅ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) የቁረይሽ መኳንንት ልጅ ሆነው ሳለ፣ ባርያ የነበረውን ሐበሻዊውን ቢላልን (ረ.ዐ.) «ጌታችን» ብለው አክብረውታል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም ይወቁ፤ የአክስትና የአጎትን ደጅ ይርገጡ፣ የታመመ ዘመድ ይጠይቁ። ለልጃችን ኒካህ ሲጠየቅም ከሁሉ አስቀድመን ዲኑንና ጠባዩን እናጣራ። ሰላቱን የሚጠብቅ፣ አማናውን የማይበላ ወጣት በአያቱ ሥራ ወይም በጎሳው ስም ብቻ ከደጃችን ከተመለሰ፣ አላህ የመተዋወቂያ ያደረገውን የመራራቂያ አድርገነዋል ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዝምድናቸውን ከሚቀጥሉት ያድርገን፤ በዘር ከመመካትም ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።