የገበያ ዋጋ መዝገብ በረድፍ ወይስ በዓምድ?

በወላይታ ዞን በቆሎ በሚሰበሰብበት ወቅት ብዙ አርሶ አደር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ አሁን ልሽጥ ወይስ ላቆይ? የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ትምህርት ወጪ ሽጥ ይሉታል፤ ልምዱ ደግሞ ዋጋው ከጥቂት ወራት በኋላ ከፍ ሊል እንደሚችል ያስታውሰዋል። ጥያቄውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመመለስ ለዓመታት የተመዘገበ የገበያ ዋጋ ያስፈልጋል። የመዝገቡ መኖር ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ የአቀማመጡ ሥርዓትም መልሱ በፍጥነትና በትክክል እንዲገኝ ወሳኝ ነው።

ቤትና ገበያ

ወደ አንድ አርሶ አደር ቤት የገባ እንግዳ በቆሎውን፣ ቦሎቄውን፣ ቅቤውንና የጓሮውን እንሰት በአንድ ስፍራ ያያል። ስለዚያ ቤተሰብ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የቅቤን ዋጋ ማነጻጸር የፈለገ ሰው ግን ቤት ለቤት አይዞርም፤ ገበያ ወጥቶ ቅቤ ተራ ይሄዳል። ገበያው እህሉን በእህል ተራ፣ ከብቱን በከብት ተራ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ የሸማቹን ድካም ይቀንሳል።

የኮምፒውተር የመረጃ ቋትም እንዲሁ በሁለት መንገድ ሊደራጅ ይችላል። በረድፍ ሲደራጅ የአንድ ሽያጭ ቀን፣ ምርት፣ ብዛትና ዋጋ እንደ ቤቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዓምድ ሲደራጅ ደግሞ ቀኖች ሁሉ በአንድ ተራ፣ ዋጋዎች ሁሉ በሌላ ተራ ይሰለፋሉ።

ልዩነቱ በቁጥር

በአንድ ገበያ የ10 ምርቶች ዋጋ በየሳምንቱ ለ10 ዓመት ተመዘገበ እንበል። መዝገቡ 5,200 ረድፎች ይኖሩታል። ቀን፣ ገበያ፣ ምርት፣ ደረጃ፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ መዝጋቢና አስተያየት የሚሉ 8 ዓምዶች ቢኖሩት በጠቅላላው 41,600 መረጃዎችን ይይዛል። «በቆሎ በየትኛው ወር ይወደዳል?» ለሚለው ጥያቄ የሚያስፈልጉት ቀን፣ ምርትና ዋጋ ብቻ፣ ማለትም 15,600 መረጃዎች ናቸው። ኮምፒውተር ከማከማቻው የሚያነበው ጎን ለጎን የተቀመጠውን በአንድነት ስለሆነ፣ በረድፍ በተደራጀ መዝገብ የማያስፈልገውም አብሮ ይነበባል። በዓምድ ሲሆን ግን የተፈለጉት ሦስቱ ብቻ ይነበባሉ።

ሌላም ጥቅም አለ። የገበያው ስም በዚህ መዝገብ 5,200 ጊዜ ይደጋገማል። በዓምድ ሲቀመጥ ስሙን አንድ ጊዜ ጽፎ «5,200 ጊዜ» ማለት ስለሚቻል የማከማቻ ቦታ ይቆጠባል።

ሙሉውን ዓምድ በአንድ ትእዛዝ

ይህን አሠራር በይበልጥ የሚጠቀሙበት የቁጥሮችን ዝርዝር እንደ አንድ ነገር የሚያስሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ካናዳዊው ኬኔት አይቨርሰን ሲሆኑ፣ ኤፒኤል የተባለው ቋንቋ የተመሠረተበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትመዋል። በ1979 ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። የእርሳቸውን ፈለግ የተከተሉት አርተር ዊትኒ ኬ የተሰኘውን ቋንቋ፣ ቀጥሎም በዓምድ የሚሠራውን ኬዲቢ የተባለ የመረጃ ቋት ሠርተዋል። ኬዲቢ ዛሬ ብዙ የግብይት መረጃ በሚያስተናግዱ የዓለም የገንዘብ ተቋማት ዘንድ የታወቀ ነው።

በእነዚህ ቋንቋዎች ሰንጠረዥ ማለት ስም የተሰጣቸው እኩል ርዝመት ያላቸው ዓምዶች ስብስብ ነው። ለምሳሌ የብዛት ዓምድ 3፣ 5 እና 2 ኩንታል፣ የዋጋ ዓምድ ደግሞ 4,000፣ 4,200 እና 3,900 ብር ቢሆን፣ «ብዛት ሲባዛ በዋጋ» የሚል አንድ ትእዛዝ 12,000፣ 21,000 እና 7,800 ብርን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ድምሩም 40,800 ብር ይሆናል። ረድፍ በረድፍ እየዞሩ ማዘዝ አያስፈልግም።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንደሚያስተናግደው ያለ ግብይትም ቀን፣ ደረጃ፣ ብዛትና ዋጋ ያለው ስለሆነ፣ የዓመታት የዋጋ ለውጥን ለመመርመር ይህ አደረጃጀት ይስማማዋል።

ጉድለቱና ጥንቃቄው

ይሁን እንጂ የዓምድ አደረጃጀት ለሁሉም ሥራ አይመረጥም። አንድ ደንበኛ ገንዘብ ሲያስገባ የእርሱን መረጃ ብቻ አውጥቶ ለሚያስተካክል የቁጠባና ብድር ተቋም ረድፍ ይሻላል፤ በዓምድ ቢሆን ለአንድ ሰው ጉዳይ ብዙ ቦታ መንካት ይጠይቃል።

ከዚህም በላይ ዓምዶችን የሚያገናኛቸው ተራ ቁጥር ነው፤ 40ኛው ዋጋ የ40ኛው ቀን ነው። አንድ ሳምንት ሳይመዘገብ ቀርቶ ቦታው ባዶ ካልተተወ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዋጋ ሁሉ ወደማይገባው ቀን ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ መዝገብ ተመርቶ የሸጠ አርሶ አደር የሚከስረው በገበያው ሳይሆን በመዝገቡ ስህተት ይሆናል።

ስለሆነም ዋጋ የሚመዘግብ የልማት ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ተማሪ፣ በደብተርም ይሁን በኮምፒውተር ሦስት ነገሮችን ቢጠብቅ ይበጃል። ቀንን፣ ምርትን፣ ብዛትንና ዋጋን በየራሳቸው ዓምድ መጻፍ፤ በአንድ ዓምድ ውስጥ ኩንታልንና ኪሎን አለመቀላቀል፤ ያልታወቀን ዋጋ በዜሮ ሳይሆን በባዶ ምልክት መተው። በዚህ መልክ የተያዘ መዝገብ «ልሽጥ ወይስ ላቆይ?» ለሚለው ጥያቄ አስተማማኝ መነሻ ይሆናል።