አንድ መሬት፣ ሁለት ወረቀት

በቅርቡ ላቦራቶሪያችን የገባ አንድ ወጣት ቴክኒሻን የአባልነት መዋጮዬን ስከፍል አይቶ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ የአፈር ሳይንስ ማኅበር ምን ያደርግልናል?» አለኝ። የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ጉባኤ ያካሂዳል፣ መጽሔት ያሳትማል፣ ኅዳር 26 ቀን የዓለም የአፈር ቀን ሲመጣ ያከብራል። ልጁን አላረካውም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አያረካኝም። ቀን ለማክበር ኮፍያና ቲሸርት ይበቃል።

እኔ ማኅበሩን የምፈልገው ቁጥሬን የሚጠረጥርልኝ ሰው ስለምፈልግ ነው። ከላቦራቶሪ የሚወጣውን ወረቀት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይቀበላል፣ ኅብረት ሥራው ይቀበላል፣ ገበሬውም አምኖ ይቀበላል። «ይህን ቁጥር እንዴት አገኘኸው?» ብሎ የሚያፋጥጠኝ የሙያ ባልደረባ ብቻ ነው።

አዊ ውስጥ፣ ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለበት አገር፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ሁለት ወረቀት አውጥተው አሳይተውኝ ነበር። አንዱ የመሬታቸው ፒኤች 5.8 ነው ይላል፤ ሌላው 4.9። የመጡት ከሁለት ላቦራቶሪ ነው። «ልጄ፣ መሬቱ አንድ፣ አፈሩን የቆፈረው ሰው አንድ፤ ወረቀቱ ምነው ሁለት ሆነ?» አሉኝ። ነገሩ የሚከብደው ኖራ ሲታሰብ ነው። በተለምዶ ፒኤቹ ከ5.5 በታች የወረደ መሬት አሲዳማ ነው ተብሎ ኖራ ይታዘዝለታል፤ ትእዛዙ ደግሞ በሄክታር 20 እና 30 ኩንታል ሊደርስ ይችላል። መግዣው ቢገኝ እንኳ ማጓጓዣው ወገብ ይቆርጣል። በአንደኛው ወረቀት እኚህ ሰው ምንም ወጪ የለባቸውም፤ በሁለተኛው መሬታቸው ታሟል።

ከሁለቱ ላቦራቶሪዎች አንዱንም ተሳስቷል ማለት አይቻልም። አንዱ አፈሩን የበጠበጠው በውሃ ነው፣ ሌላው በፖታሲየም ክሎራይድ። ጨው ያለበት ውሃ አፈሩ ጨብጦ የያዘውን አሲድ ያስለቅቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ንባቡ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ዝቅ ይላል። 5.5 የምንለው ወሰን የወጣው በውሃ ለሚለካው ነው። ጥፋቱ በምን እንደተለካ ወረቀቶቹ ላይ አለመጻፉ ነው። ይህን ለአባባ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰምተው፣ «ታዲያ ተስማምታችሁ አትመጡም?» አሉኝ።

ፎስፈረስ ከዚህ ይብሳል። አፈር ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሁሉ ለተክል አይደርስም፤ እኛ የምንለካው በአንድ ፈሳሽ አጥበን ያስወጣነውን ያህል ነው። ኦልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት ዘዴ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጠቀማል። ብሬይና ከርትዝ በ1945 ያወጡት ፍሎራይድ የተጨመረበት ቀጭን አሲድ ነው። ሜህሊክ በ1984 ያሳተመው ሦስተኛው ቅመራ ደግሞ ብዙ ንጥረ ነገሮችን ባንድ ጊዜ የሚያወጣ ድብልቅ ነው። ከአንድ ጀበና አቦልም በረካም ይቀዳል፤ ቡናው ያው ሆኖ ሲኒው ውስጥ የሚገኘው ግን ለየቅል ነው። የብሬይ አሲድ ኖራማ አፈር ላይ ሲፈስ ጉልበቱን ኖራው ስለሚበላበት ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። እንግዲህ «በኪሎ 12 ሚሊ ግራም» ብሎ የሚያቆም ሪፖርት ምን ነገረን? በየትኛው ፈሳሽ? ለጤፍ ነው ለስንዴ? የትኛው ማሳ ላይ ተሞክሮ በወጣ ወሰን?

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ዓለም አቀፉ የአፈር ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1924 ሮም ላይ ከተመሠረተ ጀምሮ ዘዴ ማስማማት አንዱ ሥራው ነው። ሸክላ ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ቅንጣት ነው በሚለው ሰዉ ተግባብቷል። አሸዋ ከየት ይጀምራል ሲባል ግን ዛሬም ስምምነት የለም፤ ዓለም አቀፉ ወሰን 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሜሪካው 0.05። በአንዱ ደለል የተባለው በሌላው አሸዋ ይሆናል። ማኅበሩ መቶኛ ዓመቱን በ2024 ፍሎረንስ ላይ ሲያከብርም ይህችን ነገር አልፈታትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሚያሟግተን ፖታሲየም ነው። መርፊ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ዘገባ መነሻነት የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም አይታማም የሚል እምነት ጸንቶ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። የማዳበሪያ ምክራችንም ዳፕና ዩሪያ ላይ ቆመ፤ በብዙ ቦታ 100 ኪሎ ከዚህ፣ 100 ኪሎ ከዚያ በሄክታር፣ መሬቱ ዋልካም ይሁን ቀይ አፈር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮሲስ የሚባለው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ ተጀመረ። ካርታዎቹ ሰልፈር፣ ዚንክና ቦሮን ጎድሏል አሉ፤ በየቦታውም ፖታሲየም። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስና ቅይጥ ማዳበሪያዎች መጡ። የካርታ ሥራው የተጠቀመው ሜህሊክ 3ን ሲሆን፣ የምርምር ማዕከሎቻችን የቀደሙ መለኪያዎች በሌሎች ፈሳሾች የወጡ ነበሩ። ማሳ ላይ ሲሞከር ደግሞ አንዱ ቦታ ሰብሉ ለፖታሲየም ምላሽ ሰጠ፣ ሌላው ቦታ አልሰጠም። እኔ የወሰን ቁጥሮቹ በቂ የማሳ ሙከራ ሳያዩ ሥራ ላይ ዋሉ ከሚሉት ወገን ነኝ። ካርታው ባይሠራ ኖሮ ግን የምንከራከርበትም ነገር አይኖረንም ነበር።

ይህን ክርክር የት ታነሣዋለህ? ማዳበሪያ ለመግዛት የተጠራ ስብሰባ ላይ አይነሣም፤ መርከቡ ይቀድማል። የማኅበራችን ጉባኤ ላይም የመክፈቻ ንግግሮች ሲረዝሙ የሚቆረጠው የጥያቄ ሰዓት ነው (ይህ ልማድ መቼ እንደሚቀር እንጃ)። የሻይ ሰዓትን ግን የሚደፍር የለም። በጣም የሚያም ጥያቄ የሚመጣው እዚያ ነው፤ «ግራፉ ይቆየን፤ ናሙናውን ከጓሮ ነው ከማሳ የወሰዳችሁት?» ጓሮ አመድና ፍግ ሲጣልበት የኖረ ነው፤ ፎስፈረሱም ፖታሲየሙም ከሩቁ ማሳ ይልቃል። ሁለቱን ቀላቅሎ አማካይ ያወጣ ሰው የጓሮውንም የማሳውንም መሬት አላወቀም። ይህን የሚጠይቅህ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የቆፈረ ሰው ነው፤ በማዕረግ አትመልስለትም።

ማኅበሩን የምፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ማዳበሪያ ጨምረን ምርቱ ንቅንቅ ያላለበት ሙከራ የውጭ መጽሔት ብዙም አይፈልገውም፤ ለኛ ግን ወርቅ ነው። እንዲህ ያለው ውጤት የጉባኤ ጥራዝ ውስጥ ካልገባ ተመራማሪው ጡረታ ሲወጣ ከነመሳቢያው ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላው ያንኑ ሙከራ በአዲስ በጀት ይደግመዋል።

ወደ አባባ ሁለት ወረቀት ልመለስና፣ ለመጪው ጉባኤ አንድ ሐሳብ ይዣለሁ። ከሁለት ቦታ፣ አንድ ቀይ አፈርና አንድ ዋልካ፣ በርከት ያለ ኪሎ ይወሰድ፤ ይድረቅ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ፣ በደንብ ተደባልቆ እኩል እኩል ይከፈል፣ ለየላቦራቶሪው ይላክ። ሁሉም ያገኘውን ቁጥር ዘዴውን ጽፎ ይመልስ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋመው የአፈር ላቦራቶሪዎች መረብ እንዲህ ዓይነት ማነጻጸሪያ ስለሚያካሂድ አሠራሩን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅብንም። ወጪው ትንሽ ነው፤ ከባነሩ ይቀንሳል። የሚከብደው ውጤቱ ከነስም ይለጠፍ ወይስ በኮድ የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ መጨቃጨቃችን አይቀርም። ላቦራቶሪዎቹ ከሸሹ ሁሉ ነገር ስለሚበላሽ፣ እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኮድ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ በስም ይሁን ባይ ነኝ።