ባዮቻር ለቡና ማሳ፦ ወጪው እንዴት ይሰላል?

በጌዴኦ ዞን፣ በሬኮና በዙሪያው ቡና፣ እንሰትና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተሰባጥረው ይለማሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዋነኛነት በዚሁ ጥምር እርሻ ነው። ይሁን እንጂ ዝናብ በሚበዛበት ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢ የአፈሩ ንጥረ ነገር እየታጠበ አሲዳማነቱ ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ከሚያግዙ ግብዓቶች አንዱ ባዮቻር ነው።

ባዮቻር የዕፅዋት ተረፈ ምርት በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል የሚቀረው፣ ለአፈር ማሻሻያ የሚውል ከሰል ነው። እርጥበትና ንጥረ ነገር ይይዛል፤ የአሲዳማነትን ጫናም ይቀንሳል። ከቡና ገለፈት የሚዘጋጀው ደግሞ በፖታሲየም የበለጸገ ነው።

በጀቱን በሄክታር ማስላት ብዙዎችን ያሳስታል። በሄክታር 100 ኩንታል ባዮቻር ይጨመር ቢባል፣ ለሩብ ሄክታር 25 ኩንታል ያስፈልጋል። ከደረቅ ተረፈ ምርት ወደ ባዮቻርነት የሚለወጠው ሩብ ያህሉ በመሆኑ፣ ይህ 100 ኩንታል ደረቅ ገለፈትና ቅርንጫፍ ይጠይቃል። አንድ ቤተሰብ ይህን ያህል አያገኝም፤ ለመሙላት ሲባል የጥላ ዛፍ መቁረጥም የማሳውን ህልውና መንካት ነው።

የተሻለው ስሌት በመትከያ ጉድጓድ ነው። ለአንድ የቡና ችግኝ ጉድጓድ 1 ኪሎ ግራም ቢያዝ፣ ለ100 ጉድጓድ 1 ኩንታል ባዮቻር፣ ማለትም 4 ኩንታል ደረቅ ተረፈ ምርት ይበቃል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚገኘው ቅርንጫፍ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከእርጥብ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚወጣ ገለፈት ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ መመዘን ያለበት ከደረቀ በኋላ ነው።

ተረፈ ምርቱ በነጻ ቢገኝም ሥራው ነጻ አይደለም። መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ እሳቱን መጠበቅ፣ መፍጨትና ማጓጓዝ የሰው ቀን ይወስዳሉ። የቤተሰብ ጉልበትም በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተሰልቶ በበጀቱ መካተት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወጪ ውሃ ነው፤ ፍሙ በወቅቱ በውሃ ካልጠፋ ወይም በአፈር ካልታፈነ ወደ አመድነት ይለወጣል፣ የተደከመበትም ይባክናል። ሥራው ከቡና ለቀማ በኋላ ባለው ደረቅ ወቅት ቢከናወን የጉልበት እጥረቱ ይቀንሳል።

ባዮቻር ብቻውን ቢጨመር ለጊዜው የአፈሩን ናይትሮጅን ሊይዝ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት አለበት። የኮምፖስቱ ወጪም እንዲሁ ይያዛል።

ባዮቻር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስለሚቆይ እንደ ማዳበሪያ በየዓመቱ አይገዛም። ሆኖም አዲስ የተተከለ ቡና ምርት ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። ስለሆነም በቀጣዩ ዓመት ምርት የሚከፈል ብድር ለዚህ ሥራ መውሰድ አይመከርም። በ20 ጉድጓድ ባዮቻር ጨምሮ ሌላ 20 ጉድጓድ ያለ ባዮቻር መትከልና ልዩነቱን ማየት ከብድር ይልቅ አዋጭ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል። አሲዳማነቱ ከፍተኛ ከሆነ ባዮቻር ኖራን አይተካም፤ የኖራው መጠን በምርመራው ውጤት መሠረት ይወሰናል። አርሶ አደሮች ለምርመራና ለምክር የቀበሌያቸውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ሲሄዱም የጉድጓዶቹን ብዛት፣ ያላቸውን ደረቅ ተረፈ ምርት በኩንታልና የውሃውን ርቀት ይዘው ቢቀርቡ ስሌቱ እዚያው ሊሠራላቸው ይችላል።