ካዝናው ሲንኳኳ

የሽጉጥ ካዝና ሲነቀነቅ ይንኳኳል። ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰማ ባለንብረት የተበላሸ ዕቃ የሸጡለት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካዝናው ጤነኛ ነው።

የካዝና አካላት ጥቂት ናቸው፦ ቀፎው፣ ሞላው፣ በሞላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥይቶቹን ሽቅብ የሚያነሳው ገፊና የታች ክዳኑ። ጥይቶቹ ሳይቀረቀሩ እንዲወጡ ከቀፎው ግድግዳ ጋር ትንሽ ክፍተት ይተውላቸዋል። ሞላው የሚገፋው ወደ ላይ ብቻ ስለሆነ ወደፊትና ወደኋላ ለመላወስ ቦታ አላቸው፤ የሚንኳኳውም ይኸው ነው። ግማሽ የጎደለ ካዝና ከሙሉው ይበልጥ የሚጮኸው ሞላው ላልቶ ጥይቶቹን ጠበቅ አድርጎ ስለማይይዛቸው ነው። በጉዞ ብዛት የላይኛው ጥይት ትንሽ ወደፊት ተንሸራቶ ቢገኝም አያስደነግጥም፤ የካዝናውን ጀርባ በመዳፍ ቸብ ቸብ ማድረግ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሌላው ድምፅ ባዶ ካዝና በጣት ሲጫን የሚሰማው መፋተግ ነው። የሞላው ጥምዝ ከግድግዳው ጋር ይታከካል። ይህን ዝም ለማሰኘት ዘይት የሚያፈስሱ አሉ፤ ዘይቱ ግን አቧራ ሰብስቦ ይጨቀያል፣ ጥይትም ሊያበላሽ ይችላል። የካዝና ውስጥ ደረቅ ቢሆን ይሻላል።

የካዝና ማውጫው ቁልፍ ተጭኖ ካዝናው አልወድቅ ማለቱም ብዙ ያነጋግራል። መልሱ እንደ ሽጉጡ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር መታጠቅ የጀመረው ባለ8 ጥይቱ ማካሮቭ መቆለፊያው እጀታው ሥር ነው፤ ካዝናው በእጅ ተስቦ እንዲወጣ ነው የተሠራው። የ1935ቱ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ካዝናው ከሌለ እንዳይተኩስ የሚከለክል ክፍል ስላለው ያ ክፍል ካዝናውን ተጭኖ ያንቀዋል። የኦስትሪያው ግሎክ 17 የቀድሞ የፕላስቲክ ካዝናዎች ደግሞ የውስጥ ብረታቸው ዙሪያውን ስላልሸፈናቸው ሲሞሉ ትንሽ ያብጡ ነበር፤ በኋላ ብረቱ ሙሉ ሲሆን በራሳቸው መውደቅ ጀመሩ። በነዚህ ሁሉ ላይ አልወድቅ ማለት ብልሽት አይደለም።

ሙሉ ካዝና አልገባም ሲልም እንዲሁ ነው። የሽጉጡ ተንሸራታች የላይኛው ብረት ወደፊት ተዘግቶ ሳለ ከካዝናው አናት ያለው ጥይት ከብረቱ ሥር ይጋጫል፤ ሞላው ገና አዲስ ከሆነ ይብሳል። አንድ ጥይት ቀንሰው የሚሞሉት ለዚህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በግማሽ የገባው ነው፤ የገባ ይመስልና ወይ ጥይት አያቀብልም ወይ መሬት ላይ ይወድቃል። ከገባ በኋላ ወደታች ሳብ አድርጎ መፈተን ይበቃል።

በእኔ ግምት ጆሮ ለካዝና መጥፎ መርማሪ ነው። ከባዱ ብልሽት ድምፅ የለውም። ጥይቱን ከላይ አቅፈው የሚይዙት ሁለቱ የታጠፉ ጠርዞች፣ ከንፈር የሚባሉት፣ ካዝናው በአናቱ ሲወድቅ ሊከፈቱ ወይም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ያኔ ጥይቱ በትክክለኛው ማዕዘን አይጎርስም፣ ወይም ሁለት አንድ ላይ ይወጣሉ። ጠርዞቹን በፒንሳ ማቃናት ሌላ ጣጣ ነው፤ ካዝናውን መጣል ይቀላል። የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የላይኛው ብረት ወደኋላ ተይዞ መቆሙን ካቆመ ደግሞ የደከመ ሞላ ይጠረጠራል። ደህና ሞላ ተጨምቆ በመቆየቱ ብቻ ብዙም አይደክምም፤ ይልቅ የሚጎዳው መጨመቅና መላላት መመላለሱ ነው።

ከአንድ በላይ ካዝና ያለው ሰው በየታች ክዳናቸው ላይ ቁጥር ይጻፍባቸው። የጥይት መቀርቀር፣ መንከስ የሚባለው፣ ሁልጊዜ በቁጥር 2 ላይ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ነው፤ በሁሉም ላይ ከሆነ ሽጉጡ ይታይ። ምርመራው የሚካሄደው ግን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ መጉረሻውም በዓይንና በጣት ታይቶ ነው። ካዝና ማውጣት የጎረሰውን ጥይት አያወጣም፤ ማካሮቭም ግሎክም ያለ ካዝና ይተኩሳሉ።

ካዝናው ሲፈታ ሞላው እንዳይፈናጠር ክዳኑን በአውራ ጣት ይዞ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ሞላው በየትኛው ጫፉና ፊቱ እንደተቀመጠ ሳይነቀል በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት አይከፋም፤ ከጽዳት ማግስት ድንገት መንከስ የጀመረ ካዝና ብዙ ጊዜ ሞላው ተገልብጦ የገባበት ነው።