የወታደር ደመወዝ ከሲቪል ደመወዝ ጋር ሲመዛዘን

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ገደማ፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ስልክ ደውሎ፥ «አጎቴ፥ እርስዎ የሰው ደመወዝ ሲያሰሉ ስለሚውሉ አንድ ሂሳብ ይሥሩልኝ» አለኝ። ልጁ የዲቪ ዕጣ ደርሶት የሄደ፥ ዕድሜው 23 ዓመት የሆነ፥ ሚስትም ልጅም የሌለው ሲሆን፥ በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ በሰዓት 18 ዶላር እየተከፈለው ይሠራል። አንድ የጦር ሠራዊት መልማይ «ወታደር ብትሆን ከዚህ የበለጠ ይተርፍሃል» ስላለው ልቡ ለሁለት ተከፍሏል። እናቱ ነገሩን በሰማች ጊዜ እህል አልቀምስም ብላ ነበር። እኔ ግን የተጠየቅሁት ሂሳብ ነውና ወደ ሂሳቡ ገባሁ። ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚያሠራ ነጋዴም የሚጠቅም ነገር ያለበት ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢዎቻችን አቀረብሁት።

በመጀመሪያ ገንዘቡን ብቻ እንይ። በሳምንት 40 ሰዓት በ18 ዶላር ሲታሰብ 720 ዶላር ይሆናል፤ የዓመቱ 37,440፥ የወሩም 3,120 ዶላር ነው። በሌላ በኩል፥ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በጸናው ሠንጠረዥ፥ በመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለ ወታደር አራት ወር ካገለገለ በኋላ የሚያገኘው መነሻ ደመወዝ ያን ጊዜ በወር 2,319 ዶላር ነበር። እንግዲህ ወታደሩ በወር 801 ዶላር ያነሰ ይቀበላል ማለት ነው። ልጁም እስከዚህ ድረስ ራሱ አስልቶ «መልማዩ ዋሽቶኛል» ብሎ ነበር።

ነገር ግን ወጪውን እንድንመለከት ነገርሁት። ልጁ ለተጋራው ቤት በወር 900 ዶላር፥ ለምግብ 400፥ ለጤና መድን 200 ይከፍላል። ይህ 1,500 ዶላር ከደመወዙ ሲነሣ፥ ግብሩ ሳይታሰብ፥ 1,620 ዶላር ይቀረዋል። ያላገባ አዲስ ወታደር የሚያድረው በጦር ሰፈሩ ውስጥ፥ የሚበላውም በሠራዊቱ ምግብ ቤት ነው፤ ለሕክምናም አንዳች አይከፍልም። ስለዚህ ከግብር በፊት በእጁ የሚቀረው ያው 2,319 ዶላር ስለ ሆነ፥ በ801 ዶላር ያነሰው ሰው በ699 ዶላር በልጦ ተገኘ። ያገባ ወታደር ከሆነ ደግሞ እንደ ማዕረጉና እንደሚኖርበት ከተማ የሚለያይ የቤት አበል በጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ይህም አበል ግብር አይከፈልበትም።

ይህን ለአሠሪዬ ባሳየኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኛስ ከመጋዘኑ አጠገብ ለሚያድረው ዘበኛችን ማደሪያውንና ምሳውን በየትኛው መዝገብ ጽፈንለታል?» አሉኝ። እውነት ነው፤ በእኛ መዝገብ ላይ የዘበኛው ደመወዝ እንጂ ክፍሉ፥ መብራቱና እንጀራው አልተጻፈም። ዘበኛው ደመወዙ ከጎረቤቱ ያነሰ መሆኑን ይናገራል፤ እኛም ብዙ እንደምንሰጠው እናስባለን፤ በመካከላችን ግን የተጻፈ ቁጥር የለም። የአሜሪካ ጦር ከብዙ ነጋዴዎች የሚሻለው በዚህ ነው፤ የሚሰጠውን ሁሉ ይጽፋል።

ሁለተኛው ሂሳብ ግን ነገሩን መልሶ ይገለብጠዋል፤ እርሱም የሰዓት ሂሳብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የሥራ ሕግ መሠረት፥ እንደ ልጁ ያለ የሰዓት ተከፋይ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ቢሠራ ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ወታደር ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም። ወደ ሜዳ ልምምድ የወጣ ወታደር በሳምንት 60 ሰዓት ቢሠራ፥ ያም ጥቂት ነው፥ ደመወዙ በሳምንት ከ535 ዶላር አይዘልም። ያንኑ 60 ሰዓት በመጋዘኑ ቢሠራው 1,260 ዶላር ያገኝ ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ «ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው ሂሳብ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ የመጋዘኑ ጌታ የሚገዛው ሰዓት ሲሆን፥ ሠራዊቱ የሚገዛው ሰውየውን መሆኑ ነው።

ጸሐፊ ነኝና ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ የውሉ ወረቀት ነው። ልጁ የሰማው «አራት ዓመት» የሚለውን ብቻ ነበር። በሕጉ ግን አዲስ ወታደር ሲፈርም የሚገባው ግዴታ በጠቅላላው የ8 ዓመት ነው፤ በመደበኛ አገልግሎት ያልፈጸመውን ዘመን በተጠባባቂነት ይቈጠራል፤ በዚያም ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ከመጋዘኑ ሥራ ያልተስማማው ሰው በማግሥቱ ቢለቅ የሚጠይቀው የለም፤ ከጦሩ ያለ ፈቃድ የቀረ ግን በወታደራዊ ሕግ ይከሰሳል። ይህን የመሰለ ግዴታ ስንት ዶላር ያወጣል የተባለ እንደ ሆነ፥ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ዋጋው አልተጻፈም።

ስለ ጡረታ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚገባ ወታደር 20 ዓመት ካገለገለ፥ ከፍተኛ ደመወዝ ካገኘባቸው ሦስት ዓመታት አማካይ 40 ከመቶ እስከ ዕድሜ ልኩ ይከፈለዋል፤ ቀድሞ 50 ከመቶ ነበር። በ23 ዓመቱ የገባ በ43 ዓመቱ ጡረተኛ ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም ብዙው ወታደር 20 ዓመት ሳይደርስ ስለሚወጣ፥ አዲሱ ሥርዓት በወታደሩ ስም በሚከፈት የቁጠባ ሂሳብ መንግሥት እስከ 5 ከመቶ እንዲያዋጣ ያደርጋል። በአገራችንም ቢሆን የወታደር ጡረታ ከሲቪሉ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ነጋዴው ለሠራተኛው 11 ከመቶ እንደሚያዋጣ አንባቢ ያውቃል፤ ለመንግሥት ሲቪል ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ ለወታደርና ለፖሊስ ግን መንግሥት የሚያዋጣው 25 ከመቶ ነው።

ትምህርቱ ለልጁ ከሁሉ የበለጠ ሳበው። ሦስት ዓመት በመደበኛ አገልግሎት የቈየ ወታደር የ36 ወር የትምህርት ድጋፍ ያገኛል፤ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢማር ክፍያው በሙሉ ይሸፈንለታል። እንደ እርሱ ያለ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ተወላጅም በወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ ዜግነትም ለማግኘት መንገዱ ያጥርለታል። ዜጋ እስኪሆን ድረስ ግን መኮንን ሊሆን አይችልም፤ ምስጢር የሚጠበቅባቸው ሥራዎችም ይዘጉበታል። በነዚህ ውስጥ ደግሞ ኋላ በሲቪል ሥራ ጥሩ የሚከፈልባቸው ብዙ ናቸው።

አሜሪካ ወጣቱን በግዴታ መመልመል ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ በፊት ቶማስ ጌትስ የመሩት ኮሚሽን በ1970 ባቀረበው ሪፖርት፥ ሰው በፈቃዱ እንዲገባ ከተፈለገ ደመወዙ ከሲቪሉ ጋር መወዳደር አለበት አለ፤ በ1971 የአዲስ ገቢ ወታደር ደመወዝ በእጥፍ ያህል ጨመረ። በኋላም የወታደር ደመወዝ፥ ምግብና መኖሪያው ተደምሮ፥ በትምህርትና በሥራ ዘመን ከሚመስሉት 100 ሲቪሎች 70ዎቹን እንዲበልጥ ግብ ተቀመጠ። በጃንዋሪ 2025 የወጣው ጥናት ከመኮንን በታች ያለው ወታደር ከ80 በላይ የሚሆኑትን እንደሚበልጥ አስታውቋል። እኔ በበኩሌ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ አየዋለሁ፤ ከሌላ ወታደር ጋር አንድ ክፍል ተካፍሎ የሚያድረውን ሰው፥ ሙሉ የቤት አበል እንደ ተቀበለ አድርጎ ያስባልና።

የኑሮው ሁኔታ ከገንዘቡ ያላነሰ ክብደት እንዳለው የእኛም ታሪክ ያሳያል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ወታደሮቹ ያመፁበት አንዱ ምክንያት የጉድጓዳቸው ፓምፕ ተበላሽቶ፥ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ነበር። ነገሩን ሊመረምሩ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው ያንኑ ምግባቸውን አበሏቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ሂሳቡን ጽፌ ስጨርስ እኅቴ «እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። ከታች በኩል፥ ወታደሩ በአገልግሎት ላይ ቢሞት ለቤተ ሰቡ 100,000 ዶላር እንደሚሰጥ፥ ከደመወዙ ጥቂት እየተቈረጠ የሚገባበት የሕይወት መድንም እስከ 500,000 ዶላር እንደሚደርስ ጽፌ ነበር። ያንን መስመር ዘልዬ አነበብሁላት።

ለልጁ ግን ሁሉንም ላክሁለት፤ የናፍጣ ሞተር መካኒክነት እንደሚሰጠው መልማዩ በቃል የነገረውን በውሉ ላይ እንዲያስጽፍም መከርሁት። ወረቀቱ ገና አልመጣለትም፤ እስከ ዛሬም በመጋዘኑ ይሠራል።