ኖራው ማሳ እስኪደርስ

አዊ ውስጥ፣ ባንጃ አካባቢ፣ ክረምቱ ሲጠነክር የገብስ ማሳ ዳር የቆመ ሰው ችግሩን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ማሳው ዥንጉርጉር ነው። እዚህ ጋ ለምለም ቡቃያ፣ ሁለት እርምጃ አለፍ ሲሉ ከስንዝር ያልዘለለ ቢጫ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ባዶ ቀይ አፈር። ከቢጫው አንዱን ነቅሎ ሥሩን ማየት ይበቃል። የጤነኛ ገብስ ሥር እንደ ፀጉር የሳሳና የተንዠረገገ ነው። ይሄኛው አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ የተኮማተረ ነው። ዝናብ አልጎደለበትም፣ ማዳበሪያም ተበትኖለታል። ሥሩ ግን ወደ ታች መውረድ አልቻለም።

ገበሬው «መሬቱ ደክሟል» ይላል፤ የግብርና ባለሙያው «አሲዳማ ሆኗል»። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የደከመ ነገር ምግብ ይሻል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ይጨመርለታል። አሲዳማ መሬት ግን ምግቡ ፊቱ ቀርቦለት ጉሮሮው እንደተዘጋ በሽተኛ ነው። ለብዙ ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲያንስ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። በውድ ዋጋ ከተገዛው ማዳበሪያ የሚገኘውን ፎስፈረስም አሉሚኒየምና ብረት ይይዙታል፤ ሰብሉ አያገኘውም። በዚያ ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ገበሬው የገቡት ዳፕና ዩሪያ ራሳቸው ቀስ በቀስ አፈሩን ያኮመጥጣሉ።

በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት ከሀገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ችግር ሥር ነው። ከነጆና ጊምቢ እስከ ሆሳዕናና ጨንቻ፣ ዝናብ የበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራም የት ምን እንደጎደለ በዝርዝር አሳይቷል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ መድኃኒቱ ከገበሬው ደጅ አለመራቁ ነው። ከዚያው ቢጫ ገብስ ማሳ ተነስታችሁ ወደ ቤቱ ጓሮ ሂዱ። አፈሩ ጠቁሯል፣ ጎመኑ ሰፊ ቅጠል አውጥቷል፣ ድንቹ ደልቷል። እናቶች በየማለዳው የምድጃውን አመድና የበረቱን ፍግ የሚደፉት እዚያ ነው። አመድ አሲዱን ያበርዳል፤ ፍግ አሉሚኒየሙን አፍኖ ይይዛል። በእነዚህ ሴቶች እጅ ላይ ያለው የአፈር እውቀት በየትኛውም መመሪያ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ራቅ ያለው ማሳ ግን ምንም አይደርሰውም። ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንጨት በሌለበት ቤት ኩበት አታንድዱ ማለት ደግሞ እራት አታብስሉ ማለት ነው።

ጎጃም መሬቱ እንቢ ሲለው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ገብስና ባቄላ ሲከዱት እንግዶ የሚባለውን እህል ዘርቷል፤ ግብጦ ዘርቷል። ግብጦ ቆልተው፣ ቀቅለው፣ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት፣ አረቄም የሚወጣለት የድኃ እህል ነው። ይህ የተናቀ ሰብል ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይመልሳል፤ ከሥሩ በሚያመነጨው አሲድም የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል።

እዚያው አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ደግሞ ገበሬው ሌላ መንገድ ሄደ፤ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ሥር ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። እህል ያቆመ ማሳ ጫካ ለበሰ፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ተጫነ፤ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ልጆች ተማሩ። ይህን የሠራው በዋናነት ገበሬው ራሱ ነው፤ ትልቅ ሥራም ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን የዝገት በሽታ መታው። ሰፊ አካባቢ በአንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል አደጋው ይህ ነው። ደግሞስ ከሰል ሸጦ እህል የሚገዛ ገበሬ ገበያው የተወደደ ቀን ምን ይሆናል?

ዋናው መድኃኒት ኖራ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ብራዚል ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንስቶ ሴራዶ የሚባለውን ጠፍ ሜዳዋን በኖራና በፎስፈረስ አክማ የእህል ጎተራ አድርጋዋለች። እኛም ድንጋዩ አለን፤ ደጀንና ጉደር ላይ ወፍጮ ተተክሏል። የሚጎድለው ማጓጓዣው ነው። ለአንድ ሄክታር እንደ አሲዱ ክብደት ከ20 እስከ 40 ኩንታል ያስፈልጋል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 30 ኩንታሉን ስሌት ቢይዝ 15 ኩንታል ይደርሰዋል። መኪናው አስፋልት ዳር ያራግፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በአህያ ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 30 ምልልስ ይሆናል። ከደጀን አዊ ውስጥ እስካለችው እንጅባራ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድንጋዩ ርካሽ ነው፤ ውዱ መንገዱ ነው።

የኖራው ጥቅምም ለዓመታት የሚቆይ በመሆኑ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፦ ለዚያ ያህል ጊዜ የሚያስብ ማን ነው? መሬቱን ለአንድ ክረምት የያዘ እኩል አራሽ ለሌላ ሰው መኸር ኖራ አይሸከምም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ስለዚህ የኖራውን ወጪ በገበሬው ትከሻ ላይ መጣል ስህተት ነው እላለሁ። መንገድና የውኃ ቦይ የሕዝብ ሥራ እንደሆነ ሁሉ አሲዳማ መሬትን ማከምም የመንግሥት በጀት ሊያዝለት የሚገባ የሕዝብ ሥራ ነው። ማዳበሪያ ከውጭ ለማስገባት በየዓመቱ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከፊሉ ታሞ በተኛ አፈር ላይ ይባክናል። በ2015 ዓ.ም ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው የተንገላታበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አቅሙ እስኪገኝም ቢሆን አነስ ያለ ኖራ በየዓመቱ በመስመር እየጨመሩ፣ ከፍግና ከግብጦ ጋር እያፈራረቁ መጀመር ይቻላል።

የወረዳና የዞን ግብርና ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ለሰኔ ዘር የሚሆነው ኖራ ሚያዝያ ላይ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋ፣ በቀበሌው መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት።